ኦክቶፐስ ያን ሁሉ የነርቭ ሕዋስ ከየት አመጣው? ስለ ጂን ቤተሰቦች መብዛት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዝናብ ማግሥት በጎመን ቅጠል ላይ የምትሳበውን ቀንድ አውጣ «የኦክቶፐስ የሥጋ ዘመድ ናት» ቢሉት የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። አንዷ ቅጠል ከመብላትና ከቤቷ ውስጥ ከመደበቅ ያለፈ ጉዳይ የላትም። ሌላው የማሰሮ ክዳን አዙሮ ከፍቶ በውስጡ ያለውን ሸርጣን ያወጣል፤ የቆዳውን ቀለም በቅጽበት ይለውጣል። ሁለቱም ግን ሞለስክ ከሚባለው ለስላሳ አካል ካላቸው እንስሳት ወገን ናቸው። ከአንድ ቤት ወጥተው ይህን ያህል የተራራቁት እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይንቲስቶች ከ2015 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጂኖች ቋንቋ መመለስ ጀምረዋል። መልሱ አላለቀም፤ የተገኘው ግን ለማውራት ይበቃል።

ሴፋሎፖድ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ራሰ እግር» እንደ ማለት ነው፤ እግሮቻቸው ከራሳቸው የበቀሉ ይመስላሉና። ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድ፣ ካትልፊሽና ናውቲለስ በዚህ ስም ይጠራሉ። ካላማሪ በልቶ የሚያውቅ ሰው ስኩዊድን ከሳህኑ ላይ ያውቀዋል። ናውቲለስ ከአራቱ ለየት ይላል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ጠመዝማዛ ዛጎሉን ተሸክሞ ይዋኛል። ሌሎቹ ዛጎላቸውን ወይ ጥለውታል ወይ አሳንሰው ከቆዳቸው ሥር ቀብረውታል። ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው የጋራ ቅድመ አያት የኖረው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያም ቢሆን ትል መሰል ፍጡር እንጂ አንጎል አለው የሚባል እንስሳ አልነበረም። ስለዚህ የእነርሱ አንጎልና የእኛ አንጎል በየፊናቸው ያደጉ ናቸው። ጉዳዩን አጓጊ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ኦክቶፐስ በእርግጥ ዘጠኝ አንጎል አለው?

የለውም። ሦስት ልብ አለው፤ ይህ እውነት ነው። «ዘጠኝ አንጎል» የሚለው ግን ለማስደመም የተባለ ነገር ነው። እውነቱ ከዚያ የበለጠ ይገርማል። ኦክቶፐስ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኙት በራሱ ውስጥ ሳይሆን በስምንቱ ክንዶቹ ውስጥ ነው። በየክንዱ መሐል ወፍራም የነርቭ ገመድ ያልፋል፤ ክንዱ አንዳንድ ነገሮችን ማዕከሉን ሳይጠይቅ ይወስናል። ከቀሩት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከዓይኖቹ ጀርባ ባሉት ሁለት የዕይታ ክፍሎች ነው። ዋናው አንጎል እንደ ቀለበት የጉሮሮውን ቧንቧ ከብቦ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ኦክቶፐስ የሚውጠው ምግብ በአንጎሉ መሐል ያልፋል። በደንብ ሳያኝክ ቢውጥ አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አሠራር የሚመርጥ መሐንዲስ አይኖርም።

ለማነጻጸር፦ የአይጥ አንጎል 70 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። የነርቭ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት አፕሊዥያ የተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ያለው ወደ 20,000 ብቻ ነው። የአንድ ወገን ዘመዶች ሆነው ከሃያ ሺህ እስከ አምስት መቶ ሚሊዮን ተራርቀዋል።

«የጂን ቤተሰብ» ማለት ምን ማለት ነው? እንዴትስ ይበዛል?

ጂን ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር የዲኤንኤ ጽሑፍ ነው። ጂኖም ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው እየተገለበጠ ስለሆነ፣ በብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ የሚያጋጥመው ነገር እዚህም ያጋጥማል፦ ዓይን ከመስመር ይስታል፤ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በሕዋስ ውስጥ ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ ሲለዋወጡ አቀማመጣቸው ሲዛነፍ ነው። አንዱ ከሚገባው በላይ ወስዶ ይሄዳል፤ ሌላው ይጎድልበታል።

የተደገመው አንቀጽ ዕጣ ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ይበላሽና ይጠፋል። አንዳንዴ ግን የመጀመሪያው ቅጂ የድሮ ሥራውን እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ነጻ ሆኖ ይለዋወጥና አዲስ ሙያ ይይዛል። ይህን ሐሳብ በ1970 አጉልቶ ያወጣው ጃፓናዊ አሜሪካዊው የጂን ተመራማሪ ሱሱሙ ኦኖ ነበር። መደጋገሙ በአንድ ሠፈር ላይ ሲበረታ በመልክ የሚመሳሰሉ ወንድማማች ጂኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። የጂን ቤተሰብ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በ2015 ምን ተገኘ?

በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ኔቸር መጽሔት የመጀመሪያውን የኦክቶፐስ ጂኖም አወጣ። ሥራው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ እና የጃፓኑ የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የጋራ ድካም ሲሆን፣ ካሮላይን አልበርቲን፣ ክሊፍተን ራግስዴልና ዳንኤል ሮክሳር ስማቸው ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። የተመረጠው እንስሳ በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚኖረውና ከዓይኖቹ በታች ዓይን መሰል ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ትንሹ ኦክቶፐስ ነው። በቤተ ሙከራ ለማቆየት ይመቻል።

የጂኖሙ ርዝመት 2.7 ቢሊዮን ፊደላት ሆነ፤ ከሰው ጥቂት የሚያንስ። ወደ 33,600 የሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ተቆጠሩ። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ለየት ያለ፣ በሌላ እንስሳ ያልታየ የጂን ክምችት ከሆነ፣ ያገኙት ግን በአብዛኛው የሚያውቁትን ነው። ቀንድ አውጣና ኦይስተር (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያለው የባሕር ሞለስክ) ያላቸውን ጂኖች ኦክቶፐስም አሉት፤ አብዛኞቹ በቁጥርም እኩል ናቸው። ልዩነቱ በጥቂት ቤተሰቦች ላይ ተከማችቷል። ከእነዚህ ሁለቱ ገንነው ወጡ፦ ፕሮቶካድሄሪንና ዚንክ ፊንገር። በመጀመሪያው 168 ጂኖች ተገኙ፤ ሌሎቹ ሞለስኮች ያላቸው ከ17 እስከ 25 ነው። በሁለተኛው ወደ 1,800 ጂኖች ተገኙ፤ በአጥቢዎች ዘንድ ከ500 እስከ 700 የሚደርሱ ናቸው። በአንድ እንስሳ ውስጥ ይህን የሚያህል ቤተሰብ ብርቅ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ካለ ወደ 2,000 የሚደርሱት የዝሆን የማሽተት ጂኖች ይጠቀሳሉ።

በተጨማሪም የጂኖሙ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ክፍል ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው ራሱን እየገለበጠ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ዲኤንኤ ነው።

ታዲያ ሙሉው ጂኖም ተባዝቶ ነው ማለት ነው?

ከ2015 በፊት ብዙዎች እንዲህ ብለው ይገምቱ ነበር። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት በጥንት ዘመን ሙሉ ጂኖማቸው ሁለት ጊዜ ተባዝቷል፣ ኦክቶፐስም ከሌሎች ሞለስኮች የበዙ ክሮሞሶሞች አሉት። ሙሉ ጂኖም መባዛት እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛው ጤፍ እንኳ የሁለት ቅድመ አያቶችን ሙሉ ጂኖም አንድ ላይ የያዘ ተክል ነው። በኦክቶፐስ ላይ ግን የዚህ ምልክት ተፈልጎ አልተገኘም። የበዙት ቤተሰቦች በየሠፈራቸው፣ አንድ በአንድ ተደጋግመው የበዙ ናቸው። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ አልታተመም፤ አንዳንድ ምዕራፎች ብቻ ተደጋግመው ተጽፈውበታል።

ፕሮቶካድሄሪን በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና።

አንድ የነርቭ ሕዋስ እንደ ዛፍ በብዙ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ከሚሊዮኖች ጎረቤቶቹ መካከል ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የራሱን ቅርንጫፍ ከሌላው መለየት አለበት። የራሱን የማይለይ ከሆነ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ከራሱ ጋር ሲያወራ ይኖራል። በአከርካሪ እንስሳት ዘንድ ለዚህ ከሚያገለግሉት መታወቂያዎች አንዱ ፕሮቶካድሄሪን ነው። ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ መሰሉን ሲያገኝ ብቻ ይያያዛል። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ከብዙዎቹ ዓይነቶች ጥቂቶቹን መርጦ ስለሚለብስ የጥምሩ ቁጥር እጅግ ብዙ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥምር የለበሱ ሁለት ቅርንጫፎች ከተገናኙ የአንድ ሕዋስ ናቸው ማለት ነው፤ ፕሮቲኖቹ መያያዛቸው ራሱ ምልክት ይሆንና ቅርንጫፎቹ ይራራቃሉ። በሰው ላይ ከዚህ ወገን የሆነው ፒሲዲኤች19 የሚባለው ጂን ሲበላሽ በተለይ በሴት ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ያስከትላል፤ ስለዚህ ነገሩ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም።

የሰው ፕሮቶካድሄሪኖች ከ70 ብዙም አይርቁም። የኦክቶፐሱ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት፦ ዲስካም የተባለ አንድ ጂን ብቻ ይዛ፣ ቁርጥራጮቹን በተለያየ መንገድ እያጋጠመች ከ38,000 በላይ የፕሮቲን ዓይነቶች ማውጣት ትችላለች። ችግሩ አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን በየቤቱ ነው። ኦክቶፐስና የአከርካሪ እንስሳት ሳይተዋወቁ አንዱን የጂን ቤተሰብ ማብዛታቸው ነው ተመራማሪዎችን ያስገረማቸው።

ኦክቶፐስ ለምን ይህን ያህል አስፈለገው? ራግስዴልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ግምት ለእኔ አሳማኝ ነው። የእኛ ረጃጅም የነርቭ ክሮች ማየሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልለው መልእክት በፍጥነት ያስተላልፋሉ። ሴፋሎፖዶች ይህ ሽፋን የላቸውም። ፍጥነት ሲያስፈልጋቸው ክሩን ማወፈር ነው ያላቸው ምርጫ፤ የስኩዊድ ግዙፍ የነርቭ ክር እስከ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት የሚደርሰው ለዚህ ነው። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የነርቭ መልእክት በኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚጓዝ ያወቁት፣ በ1963 ኖቤል ያገኙበትም፣ በዚህ ክር ላይ ሠርተው ነው። ሁሉንም ክር ማወፈር ግን ቦታ አይበቃም። ስለዚህ የኦክቶፐስ ሥርዓተ ነርቭ በአጭር ርቀት በሚሠሩ፣ ጥቅጥቅ ባሉ የአካባቢ መረቦች ላይ መደገፍ ግድ ሆኖበታል። በእንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ሠፈር ውስጥ ደግሞ መታወቂያ በብዛት ያስፈልጋል። ፕሮቶካድሄሪኖቹ በአንጎሉ፣ በዕይታ ክፍሎቹና በክንዶቹ የነርቭ ገመድ ውስጥ በብዛት ሲሠሩ መገኘታቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

ዚንክ ፊንገርስ?

ስሙ «የዚንክ ጣት» ማለት ነው። ፕሮቲኑ የዚንክ አቶም ጨብጦ ጣት የመሰለ ቅርጽ ይይዛል፤ በዚያ ጣት ዲኤንኤውን ዳስሶ የተወሰነ ቦታ ላይ ይይዛል። ከያዘ በኋላ በአቅራቢያው ያለው ጂን እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ ያደርጋል። የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ብንለው ብዙ አንሳሳትም።

በአጥቢዎች ዘንድ ከዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ የተሰማሩት ዘዋሪውን ዲኤንኤ አፍኖ በመያዝ ነው። ኦክቶፐስም በዘዋሪ ዲኤንኤ የተሞላ በመሆኑ፣ የሁለቱ አብሮ መብዛት የፖሊስና የሌባ ውድድር ሊሆን ይችላል። ከሆነ የዚህ ቤተሰብ መብዛት መነሻው ብልህነት ሳይሆን ራስን መከላከል ነበር ማለት ነው፤ ለአንጎል የተረፈው ጥቅም በኋላ የመጣ ይሆናል። በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ከዘዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬም በኦክቶፐስ አንጎል፣ በተለይ ለመማርና ለማስታወስ በሚያገለግለው ክፍል ውስጥ ንቁ ናቸው። ሌባው ከቤቱ ጋር ተላምዷል ወይስ ሥራ ተሰጥቶታል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጂን ያለው ሁሉ ብልህ ነው?

አይደለም። ጤፍ ከ60,000 በላይ ጂኖች አሉት፤ የሰው ልጅ ወደ 20,000 ገደማ። ቁጥር ብቻውን ቢቆጠር ኖሮ እንጀራው በላተኛውን ባስተማረው ነበር።

ስኩዊድም እንዲሁ ነው? ናውቲለስስ?

ስኩዊዶችም ብዙ ፕሮቶካድሄሪን አላቸው። በ2020 የወጣው የግዙፉ ስኩዊድ ጂኖም ከ100 በላይ ይዞ ተገኝቷል። የሚገርመው ግን የኦክቶፐሱና የስኩዊዱ መብዛት ከአንድ ምንጭ የተወረሰ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ የተለያዩት ከ270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የኦክቶፐሱ ቤተሰብ የበዛው ከዚያ በኋላ፣ ከዛሬ 135 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስኩዊዱ ለብቻው፣ በራሱ ጊዜ አብዝቷል። የአከርካሪ እንስሳትን ስንጨምር አንዱ ቤተሰብ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተለያየ ዘር ውስጥ ለብቻው ተስፋፍቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር።

ናውቲለስ ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለግላል። በ2021 የታተመው ጂኖሙ የኦክቶፐስን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ዛጎሉን ጠብቆ፣ በዝግታ እየዋኘ፣ በትንሽ አንጎል የሚኖር እንስሳ ነው።

ኦክቶፐስ የራሱን ጂን ያርማል የሚባለው እውነት ነው?

ጂኑን አይደለም፤ የጂኑን ግልባጭ ነው። ሕዋስ ፕሮቲን ለመሥራት ሲፈልግ በመጀመሪያ ከዲኤንኤው ላይ አርኤንኤ የሚባል ጊዜያዊ ቅጂ ያወጣል። በኦክቶፐስ፣ በስኩዊድና በካትልፊሽ ውስጥ ኤዳር የተባሉ ኢንዛይሞች በዚህ ቅጂ ላይ አንዳንድ ፊደል ይለውጣሉ፤ ዋናው መዝገብ ሳይነካ የሚወጣው ፕሮቲን ይለያል። እኛም ጋር ይህ አለ፤ ፕሮቲንን እስከ መለወጥ የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ2015 በአንድ የስኩዊድ ዝርያ ብቻ ፕሮቲን የሚለውጡ ከ57,000 በላይ የእርማት ቦታዎች ተገኝተዋል፤ በይበልጥም በነርቭ ሥራ ላይ በተሰማሩ ጂኖች ውስጥ። በናውቲለስ ግን ይህ ብርቅ ነው።

ለምን ይጠቅማል? በ2023 ጆሹዋ ሮዘንታልና ኤሊ አይዘንበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኦክቶፐሶችን በሞቀና በቀዘቀዘ ውኃ አኑረው ተመለከቱ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ከ13,000 በላይ በሆኑ ቦታዎች ላይ እርማቱ ጨመረ፤ ለውጡም በቀናት ውስጥ የሚታይ ነበር። ሙቀቱን ከውስጥ መቆጣጠር ለማይችል እንስሳ አንጎሉን ከብርዱ ጋር ማስማማት ትልቅ ነገር ነው። ይህ ሲባል ሁሉም እርማት ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ጉዳት የሌለው ትርፍ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ዋጋም አለው፦ ኢንዛይሙ ቦታውን የሚያውቀው በዙሪያው ባለው ጽሑፍ ስለሆነ፣ ያ ጽሑፍ እንዳይለወጥ ተጠብቆ መኖር አለበት። ግልባጩን በነጻነት ለማረም መዝገቡን ማሰር ይጠይቃል።

ከፕሮቲን ሠሪዎቹ ጂኖች ውጭ የበዛ ነገር አለ?

አለ፤ ማይክሮ አርኤንኤ። ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ሌሎች ግልባጮችን እየያዙ ሥራቸውን የሚገቱ ደቃቅ አርኤንኤዎች ናቸው። በ2022 በበርሊኑ የማክስ ዴልብሩክ ማዕከል የሚሠራው ኒኮላውስ ራዬቭስኪ ቡድን፣ ከኔፕልስ በመጡ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ በኦክቶፐስ 42 አዳዲስ የማይክሮ አርኤንኤ ቤተሰቦች አገኘ፤ በአብዛኛው የሚሠሩትም በነርቭ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ነው።

ክንዱ በመንካት ብቻ ይቀምሳል የሚባለውስ?

ትክክል ነው፤ ጂን ሲደጋገም አዲስ ሙያ ይይዛል የሚለውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። አሴቲልኮሊን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚያርፍበት ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ በእኛም ጡንቻዎች ውስጥ ይሠራል። በኦክቶፐስ ውስጥ ይህ ጂን ተደጋገመ፤ ቅጂዎቹም አሴቲልኮሊንን የሚይዙበትን ቦታ አጥተው በምትኩ በውኃ የማይሟሙ ቅባታማ ኬሚካሎችን መያዝ ጀመሩ። ከነርቭ ውስጥ ወጥተው በክንዶቹ መጣበቂያ ጽዋዎች ቆዳ ላይ ሰፈሩ። በ2020 የሃርቫርዱ ኒኮላስ ቤሎኖ ቡድን ይፋ ያደረገው ይህን ነው። ኦክቶፐሱ ክንዱን ዓይኑ ወደማያይበት ስንጥቅ ሰድዶ የነካው ሸርጣን ይሁን ድንጋይ የሚለየው በዚህ ነው።

ኦክቶፐስ ከጠፈር የመጣ ነው የሚለውን ሰምቻለሁ።

በ2018 ጥቂት ጸሐፊዎች የኦክቶፐስ እንቁላል በበረዶ ተጠቅልሎ ከጠፈር ሊመጣ ይችላል የሚል ጽሑፍ አሳትመው ዓለምን ያዳረሰ ወሬ ሆኗል። ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው መልሱን ራሱ ይሰጣል፦ ከጠፈር የመጣ እንስሳ የኦይስተርን ጂኖች ይዞ አይመጣም።

የእነዚህ ጂኖች መብዛት አንጎሉን እንዳሳደገው ተረጋግጧል?

እስካሁን ያለው ማስረጃ አብሮ መገኘት ነው፦ ቤተሰቡ በዝቷል፣ የሚሠራውም በነርቭ ውስጥ ነው። አንጎሉን ያሳደገው እርሱ ነው ለማለት ጂኑን አጥፍቶ ምን እንደሚጎድል ማየት ያስፈልጋል። በኦክቶፐስ ላይ ይህ አስቸጋሪ ነው። እንስሳው ብቸኛ ነው፤ አብረው ቢያኖሯቸው አንዱ ሌላውን ሊበላ ይችላል። እናቲቱ አንድ ጊዜ እንቁላል ጥላ ከጠበቀች በኋላ ትሞታለች። ደግሞስ ከ168 ወንድማማቾች አንዱን ብታጠፋ ሌሎቹ ሸፍነው ሊሠሩለት ይችላሉ።

መንገዱ ግን ተከፍቷል። በ2020 በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሕይወት ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው ጂን የመቁረጥ ዘዴ የስኩዊድን የቀለም ጂን አጠፉ፤ በሴፋሎፖድ ላይ የመጀመሪያው ነበር። በ2023 ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቤተ ሙከራ የሚራባ፣ ቀለም የሌለው የትንሽ ስኩዊድ ዘር አገኙ። አካሉ ስለሚያሳልፍ የነርቭ ሕዋሳቱ ሲሠሩ በሕይወቱ ሳለ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።